ጓደኛ የማይነጥል መስመር

ከባለቤቴ ከይመር ጋር በመጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር በለስ መላጥ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ከግቢው ግድግዳ ወርዳለች፤ ግድግዳው ግን የቀኑን ሙቀት ገና አልለቀቀም። እሱ በለሱን ከብየዳ ቤቱ ባመጣው ጉጠት ይይዝልኛል፣ እኔ ጫፍና ጫፉን በቢላ ቆርጬ ቆዳውን እከፍታለሁ። በሹካ ያዝ ብለውም አይሰማም። የተላጠውን አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሱ እያለ ሳህኑ ላይ በሁለት ወገን ይደረድራል፤ ከዚያ እጁን ወደ እኔ ወገን ይሰዳል።

«የእኔን እኮ ነው የምትበላው» አልሁት።

«ያንቺ ይጣፍጣል።»

«ከአንድ ቁልቋል የወረደ እኮ ነው!»

«ታዲያ ምን ልሁን፣ ከጣፈጠኝ!»

ሌላ የተናገርነው ነገር ቢኖርም አላስታውሰውም። በማግስቱ ከዙህር በኋላ ጋደም እንዳለ አልተነሣም። አላህ ይዘንለት። ሰው ሊሞት ሲል ዋዜማው ምልክት አለው ይላሉ። የእኛ ዋዜማ ምልክት አልነበረውም፤ ጣታችን ላይ የተሰካ የበለስ እሾህ ብቻ ነበረው።

ይህን መጻፍ ስጀምር ዒዳዬ ላይ ነበርሁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ ተቀምጣ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ከሥራ በጡረታ የተሰናበትሁት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብዬ ስለሆነ፣ ቤት መዋልን በጡረታ ጀምሬ በዒዳ ቀጠልሁት። መስኮቴ ወደ መንገድ ነው። ባጃጅ ሲያልፍ በድምፁ ብቻ ጎማው አየር እንደ ጎደለው አውቃለሁ። ጋሪ ሲያልፍ ይመር የሠራው ይሁን ሌላ ሰው የሠራው አውቃለሁ፤ የእሱ ጋሪ አይንቋቋም። እንዲያ እየሰማሁ ውዬ፣ ቀኑ በእጄ እንዳለ ውኃ ሳላየው ያልቅ ነበር።

ለመጻፍ ምክንያት የሆነችኝ ብርቱካን ናት። በከተማው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት እኔ የለቀቅሁትን ወንበር የያዘች፣ ዕድሜዋ ከልጄ ዕድሜ የማይበልጥ ሴት ናት። ለቅሶ ልትደርሰኝ መጣች፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ ሐዋ፣ ለቅሶ ቤት የሥራ ነገር ማንሣት ነውር ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ ልጄ። ሥራ ሲነሣ ነው የሚቀለኝ።»

«የምሥራቁ መስመር ባጃጆች ለምንድን ነው ካልተጠባበቁ የማይወጡት? አንዱ ሞልቶ እያለ ሌላው እስኪሞላ ይቆማል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ ሊመጡልን ነው፤ እነሱን እንዲህ አቁመን አንዘልቅም። ደንቡን ሁሉ አገላበጥሁ፣ የለበትም።»

«ደንብ ላይ አታገኚውም።»

«ታዲያ ማን አዘዘው?»

«ለቅሶ» አልኋት።

ኀዘኑ ያናገረኝ መስሏት ዐይኗን ወደ ምንጣፉ ጣለች። ከዚያ ክረምቱ ሲወጣ ባጃጆቹ እንደ ሞሉ አንድ በአንድ እንዲወጡ ልታደርግ እንዳሰበች ነገረችኝ። «የሚያውቁት ነገር ካለ ግን ይጻፉልኝ፤ ሳልወስን ላንብበው» አለችኝ። እኔና ይመር ከሠራነው ሁሉ በሁለታችንም ልብ ያደረ ነገር ቢኖር ያ መስመር ነው። እሱ መሬት ገብቷል። መስመሩም ክረምቱ ሲወጣ ሊከተለው ነው ብዬ ተኝቼ ማደር አልቻልሁም።

ሥራ የጀመርሁት በቆቦ መናኸሪያ መውጫ በመቁረጥ ነው። መውጫ ማለት ሹፌሩ ተራውን ጠብቆ፣ ትርፍ ሳይጭን መነሣቱን የሚመሰክር ቁራጭ ወረቀት ነው። ደመወዙ ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። መናኸሪያው ግን ለወጣት ሴት ትምህርት ቤት ነው። ረዳቶቹ መኪናው ባዶ ሆኖ እንኳ «ዋጃ፣ ዋጃ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ። እውነት መስሎት ሮጦ የገባ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሌላ ሞኝ ይጠብቃል።

ቆቦ በአስፋልት ላይ የተሰካች ከተማ ናት። አስፋልቱ ከጎብዬ በኩል ይገባል፣ በዋጃ በኩል ይወጣል። መኪና የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን ከጎንና ከጎን ነው የሚመጣው። በገበያ ቀን ማለዳ በምሥራቅ በኩል ቆመው ቢያዩ፣ መጀመሪያ የዞብል ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ቀጥሎ ሜዳው ላይ ከማሽላው መካከል አቧራ ይነሣል፤ አቧራው ውስጥ ቀለም ይታያል፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ሻሽና ጥለት ይሆናል፤ ከዚያ ድምፅ ይመጣል፣ ሳቅ ነው። ሰው ከአቧራ ሲፈጠር ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚመለከት መውጫ በእጄ አልነበረም።

ይህን እንዳይ ያደረጉኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻያቸውን ቆመው የሚጠጡ ሰው። ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ያቋርጣሉ። መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው አቧራውን ያያሉ። «ዛሬ ግመሉ ቀድሟል፤ የአፋር ሰዎች በሌሊት ገብተዋል» ይላሉ፤ ወይም «አህያ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ሰዉ በራሱ ተሸክሞ ነው የመጣው» ይላሉ። በእግራቸው ሄደው ያላዩትን መንገድ በመኪና አይሄዱበትም፤ ለመኪናም አይፈቅዱም። መንገደኛ ሲያገኙ «ወዴት ነሽ?» አይሉም። «ከየት መጣሽ? ከማን ጋር?» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የምትሄድበትንማ ታፔላው ይናገራል» አሉኝ። ጉድለትም ነበረባቸው። ከቀትር በፊት የሚቃወማቸውን ሰው አይወዱም፤ ስለዚህ ክርክራችንን ሁሉ ለከሰዓት እናቆይ ነበር።

በዚያ ጊዜ ከተማው አዲስ ዕቅድ አወጣ። ለእግረኛና ለጋሪ መንገድ፣ ለተሳፋሪ ጥላ ያለው መቆሚያ፣ ለባጃጅ ቀጠና፣ ከዋጃና ከጎብዬ ጋር አንድ የሆነ ስምሪት። ከላይ የመጡ ሰዎች «ዘላቂ ትራንስፖርት» ይሉት ነበር። በስብሰባ ላይ አንዱ ሹፌር እጁን አውጥቶ «ዘላቂ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ ተነሡ። «ነዳጅ ቢጠፋም ሰው ገበያ ከደረሰ፣ ያ ነው» አሉና ተቀመጡ።

ዕቅዱ ግን በስህተት ጀመረ። የጋሪው መንገድ ሳይሠራ ጋሪ ከአስፋልት ውረድ ተባለ። ባለጋሪዎች ቢሯችንን ሞሉት። ከፊታቸው እጅጌውን የሰበሰበ፣ ቅንድቡ በብየዳ እሳት የተቃጠለ ሰው ነበር። ጋሪውን የሚሠራላቸው እሱ ነው።

«አንቺ ነሽ ጋሪን ያስወረድሽው?» አለኝ።

«እኔ መውጫ ቆራጭ ነኝ።»

«እንግዲያው ለጋሪም ቁረጭለት! በየት ይውጣ? በሰማይ?»

ጋሽ ደምሴ ከውስጥ ክፍል ወጡ። ከቀትር በፊት ነበር። «አንተ ጎረምሳ፣ ጋሪህ መረገጫ አለው? አሮጊት በምን ትወጣበታለች?»

«በባሏ ትከሻ።»

«ባል የሌላትስ?»

ሰዉ ሳቀ። ይመር ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጋሪ እየጎተተ ራሱ መጣ። ፈረስ አልነበረውም። መረገጫው ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቀሚስ እንዳይዝ ጠርዙ ተጠቅልሏል። «ውጪና እይው» አለኝ። ወጣሁ። ያን ቀን የጋሪን ሚዛን አስተማረኝ። ጭነቱ ወደ ፊት ካዘነበለ የፈረሱ ወገብ ይሸከመዋል፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ የሆዱ ማሰሪያ ወደ ላይ እየሳበ ያንቀዋል። ክብደቱ በጎማው ልክ ሲያርፍ ግን ፈረሱ የሚጎትተው መንገዱን ብቻ ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ የሚሉትን ተለማጭ ብረት ከሥር አግብቶበት ስለነበር፣ ስቀመጥበት እንደ ሶፋ ረገብ አለልኝ።

ባለጋሪዎችንና ባለባጃጆችን ሽማግሌዎች አስቀምጠው አስታረቁ። ጋሪ ከአስፋልቱ ጎን የራሱ መንገድ ተሰጠው፤ ከመንገዱ ዳር የኒም ዛፍ ተተከለለት። ይመር ሽማግሌ ሲልክብኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ክርስቲያን መሆናቸው በእኛ አገር ለሽምግልና አያግድም። አባቴ «ልጁ ምን አለው?» ሲሉ «መረገጫ የሠራ ሰው ነው፣ ሴት አይጥልም» ብለው መለሱላቸው።

ከዋጃና ከጎብዬ ጋር የነበረው ሥራ ቀለለን። እነሱ ዘንድ ገበያ ሲሆን የእኛን ሚኒባስ እንሰዳለን፤ እኛ ዘንድ ሲሆን የእነሱ ይመጣሉ። ባዶ የሚመለስ መኪና ቀነሰ፤ በጭነት መኪና አናት ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰውም ቀነሰ። የቀረው ምሥራቁ ነበር። ከዞብል ግርጌ ወደሚገኘው መንደር አስፋልት የለም፤ አሸዋማ ወንዝ አለ፣ የማሽላ ማሳ አለ፣ መካከል ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ሴቶቹ ሽንኩርትና ቅቤ ተሸክመው በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሲመለሱ የጭነት አይሱዙ ካገኙ ከጆንያው በላይ ይወጣሉ። አይሱዙው ወንዙ ላይ ሲያጋድል የስንቱን ልብ እንዳቆመ እኛ እናውቃለን። ጋሽ ደምሴ መንገዱን በእግራቸው ሄደው መጡና «ባጃጅ ይገባል» አሉ። የመክፈቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። በራሴ እጅ የከፈትሁት የመጀመሪያው መስመር ነው።

ገበያው ሊፈታ ሲል ባጃጆቹን በኒሙ ጥላ ሥር አሰለፍኋቸው። ሴቶቹ መጡ፤ አዩን፤ ሰላም አሉን፤ አልፈውን ሄዱ። በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ። ዋጋው ነው ብለን ዝቅ አደረግነው። ፈርተው ነው ብለን ሹፌሮቹን ጨዋ ጨዋውን መረጥን። አልገባንም። የገበያ ጓደኛ የሚባል ነገር መኖሩን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ እናቴም ነበራት። አራት አምስት ሆነው ይወጣሉ፣ አራት አምስት ሆነው ይገባሉ። ባጃጁ ደግሞ ከኋላ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው።

እትዬ ፋጡማ የምትባል ጉልበቷን የምትታመም ሴት ነበረች። እያነከሰች ስትሄድ ሦስቱ ጓደኞቿ እርምጃቸውን ለእሷ ያሳጥሩላታል። አንድ ቀን መቆሚያው አጠገብ ስትደርስ ቁጭ አለች።

«ነይ ግቢ፣ እትዬ» አልኋት።

«ጓደኞቼስ?»

«በዚህ ባጃጅ የቀረው አንድ ቦታ ነው። እነሱ በሚቀጥለው ይምጡ።»

«ኧረ እኛ በእግራችን እንደርሳለን! አንቺ ብቻ ሂጂ፣ አብሽሪ!» አሏት ጓደኞቿ። አንዷ «ደግሞ ሻይ አፍልተሽ ጠብቂን፣ ባለመኪናዋ!» ብላ ቀለደችባት። እየሳቁ ደግፈው አስገቧት። ሌሎቹ ሁለት ተሳፋሪዎች መንገድ ላይ የሚወርዱ ነበሩ። እኔ እጄን አውለበለብሁ። መስመሬ ዛሬ ተከፈተ ብዬ ነበር።

በዚያ መንደር ግን መኪና የሚገባው በሽተኛ ይዞ ወይም ሬሳ ይዞ ነው። ከገበያ ብቻዋን፣ ከጊዜዋ በፊት የምትመለስ ሴት ደግሞ አንድ ትርጉም ብቻ አላት፤ መርዶ ይዛለች። የፋጡማ አማት ደጅ ላይ ነበሩ። ባጃጁ ሲቆም፣ ፋጡማ ብቻዋን ስትወርድ፣ ከኋላዋ ማንም ሲጠፋ አዩ። «ማን ቀረብኝ?» አሉና ደረታቸውን መቱ። ፋጡማ አቧራው ጉሮሮዋን ይዟት፣ ዐይኗ እያነባ ነው፤ ልትናገር ስትል ሳል ያዛት። እንባውንና ሳሉን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም። መንደሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሴቶች ነጠላቸውን አገለደሙ። ዶማ ያነሣ ሁሉ ነበር። ፋጡማ ድምፅዋ ሲመለስላት «ደኅና ናቸው፣ ወላሂ ደኅና ናቸው!» ብትልም ማን ይሰማታል? ደኅና ናቸው ማለት መርዶ አርጂ ሁሉ የሚጀምርበት ቃል ነው።

ከጓደኞቿ የአንዷ አባት በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። «ልጄን!» ብለው ሲሮጡ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሦስቱ ሴቶች ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እየተሳሳቁ ሲገቡ፣ የራሳቸውን ለቅሶ አገኙት። አንዷ ማን እንደ ሞተ ሳታውቅ አብራ ማልቀስ ጀምራ ነበር አሉ።

በማግስቱ ባጃጁ ስም ወጣለት፤ መርዶ ተባለ። ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ የመጣች ሴት መቆሚያችንን አይታ ፊቷን ታዞር ጀመር። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ተዉን። መስመሩ ሞተ።

ጋሽ ደምሴ ጥፋቱን በማንም አላመካኙም። «እንሂድና ደጃቸው እንቀመጥ» አሉ። እሳቸው፣ እኔና ይመር በእግራችን ሄድን። በዋርካው ሥር ዐረፍ ስንል ነፋሱ ማሽላውን ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል። ሜዳው ሁሉ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

ሽማግሌው አልጋ ላይ ነበሩ። ይቅርታ ልንጠይቅ አፋችንን ስንከፍት በእጃቸው አቆሙን።

«ተዉት፣ ልጆቼ። ያችን ልጅ በዚያን ቀን እንደ አዲስ ወለድኋት። ምጥ ነው ወገቤን የሰበረው።» እኛ መሳቅም ማልቀስም አቃተን። ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ጋሽ ደምሴን አዩአቸው። «መኪናችሁ ጥሩ ነው። ፋጡማ ጉልበቷ እንዳልታመመ ነግራኛለች። ግን ሰውን እንደ ሽንኩርት በቁና አትስፈሩት። አብሮ የመጣውን አብሮ መልሱት።»

እኒያ ሰው ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልቆሙም። ይመር ምርኩዙን ከቀጭን ቱቦ ሠርቶ፣ እጀታውን በቆዳ ጠቅልሎ ወሰደላቸው። ቢሯችን ያተረፈውን መስመር ሁሉ ባስብ፣ በዚያ ምርኩዝ በኩል ነው የማስበው።

ከዚያ ጀምሮ መቆሚያው ላይ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ጓደኛሞቹን እለያለሁ። አራት ከሆኑ ሁለት ባጃጅ፣ ሰባት ከሆኑ ሦስት፤ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። ሹፌሮቹ ግን አጉረመረሙ። ከኋላ የሚሄደው የፊተኛውን አቧራ ይበላል።

«እኔ አፈር ልብላ ብዬ ነው ባጃጅ የገዛሁት?» አለ አንዱ።

ይመር መንገዱን ደግሞ ሄዶበት መጣ። «እስከ ዋርካው አንዱ ይምራ፣ ከዋርካው ወዲያ የኋላው ይቅደም» አለ። «አቧራውን ተካፈሉት፤ ጓደኛሞች እናንተም ሁኑ።» ሌላም ነገር ጨመረ። መንደሩ ሊታይ ሲል ሁሉም የባጃጃቸውን ጥሩምባ እንደ ሠርግ እየቆራረጡ እንዲነፉ። ሞት በጥሩምባ ጨዋታ አይመጣም፤ ስለዚህ ደጅ ያለ ሰው ከሩቅ ሰምቶ ልቡ ይረጋል።

በመጀመሪያው ቀን ማንም አይገባም ነበር፣ ፋጡማ ባትኖር። ሦስቱን ጓደኞቿን ፊቷ አቁማ «እኔ መርዶ ነኝ? በሉ፣ ዛሬ አብራችሁኝ ሙቱ!» ብላ እየገፋች አስገባቻቸው። ባጃጆቹ በምሥራቅ በኩል ወጡ፤ አቧራቸው በማሽላው ላይ ወርቅ ሆኖ ቀረ። ጆሮዬን ጥዬ ቆየሁ። ከዚያ ርቀት ጥሩምባ እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ የሰማሁ ግን መሰለኝ።

ነዳጅ የጠፋበት፣ መንገዱም የተዘጋጋበት ጊዜ መጣ። ስለ እሱ ብዙ ማለት አልሻም፤ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። አስፋልቱ ጸጥ አለ። ፍየሎች መሐሉ ላይ ተኝተው ያመሰኩ ነበር። ባጃጆቹ በየግቢው ሸራ ለበሱ። የጋሪው መንገድ ግን አላረፈም፤ በሽተኛ፣ ዱቄት፣ ውኃ፣ ሁሉም በኒሙ ጥላ ሥር አለፈ። ይመር ጎማ ሲጠፋ ከተበላሸ ጎማ ቆርጦ ይለብጥ ነበር። የምሥራቅ ሴቶች እንደ ቀድሞው በእግራቸው መጡ፣ በእግራቸው ሄዱ፤ በልማዳቸው ስላልነጣጠልናቸው መንገዱን አልረሱትም። ጋሽ ደምሴ ያረፉት በዚያ ወራት ነው። ቀብራቸው ላይ መኪና አልነበረም። ጋሪዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ ገበያው ተሰልፈው ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእግሩ አጀባቸው።

ይህን እዚህ ድረስ ጽፌ ለብርቱካን ሰጠኋት። እኔው ቤት ተቀምጣ አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፣ አንድ ቦታ ላይ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ግን ቀና ብላ፦

«እትዬ፣ አሁን ሞባይል አለ እኮ። ቀድማ የደረሰችው ጓደኞቿ እየመጡ መሆኑን ትናገራለች፤ ካልታመነችም ራሳቸው ይደውላሉ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። መስኮቴ ሥር የሚያልፉትን ወጣቶች አያቸዋለሁ፤ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ብቻቸውን ሆነው ከሰው ጋር ናቸው። ይመር ቢኖር ሌላ ዘዴ ያመጣ ነበር። እኔ ግን ዘዴ አላመጣሁም። «እንግዲህ እንዳልሽ» አልኋት።

«ሙሉ በሙሉ አልተወውም» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ሰልፍ አደርገዋለሁ። መቸኮል የፈለገ እንደ ሞላ ይሂድ። ጓደኛሞች ደግሞ እንደ ድሮው አብረው። አዲሶቹ ባጃጆች ድምፅ ስለሌላቸው ጥሩምባውንም እናስቀጥላለን።» ከዚያ ጫማዋን እያጠለቀች፣ «እናቴም እኮ ብቻዋን አትሳፈርም» ብላኝ ወጣች።

ዒዳዬ አለቀ። መጀመሪያ በወጣሁበት የገበያ ቀን እግሬ ወደ ምሥራቁ መቆሚያ ወሰደኝ። ሁለቱ ሰልፎች በኒሙ ሥር ነበሩ። በአንዱ ወጣቶች፣ በሌላው ጓደኛሞች። አዲሶቹ ባጃጆች ድምፃቸው ሳይሰማ ይመጣሉ፣ ሳይሰማ ይሄዳሉ፤ እንደ ሕልም ናቸው። ከሁለቱም ሰልፍ ውጭ አንዲት ሴት ዘንቢሏን እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች። ባጃጅ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሌላው ሞልቶ ይሄዳል፣ እሷ አትንቀሳቀስም።

«እታለም፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኋት።

«ምንም። ጓደኛ ነበረችኝ፣ አምና ሞተችብኝ።»

«በዚያኛው ሰልፍ ብቻሽን መሄድ ትችያለሽ እኮ።»

«እችላለሁ። ግን ቤቷ መግቢያው ላይ ነው። ብቻዬን ስወርድ ልጆቿ ያዩኛል፤ ባዩኝ ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። በእግር እንዳልሄድ ደግሞ ቀኑ መሸብኝ።»

ዘንቢሏን አነሣሁላት። «ነይ፣ አብረን እንግባ።»

«አንቺ የት ነሽ?»

«እዚሁ ቆቦ።»

«ታዲያ እኛ ጋ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

«ልመለስ።»

ሳቀች። ተጠግታ ቦታ ሰጠችኝ። መንደሩ ሊታይ ሲል ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ እኔና እሷ ተያይዘን ወረድን። ልጆቹ ደጃቸው ላይ ነበሩ። አዩን፤ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሁሉ ከዐስር በኋላ ወደ ምሥራቁ መቆሚያ እወጣለሁ። ብቻዋን የመጣች ሴት ካለች አብሬያት እሳፈራለሁ፤ መንደሯ አድርሻት በመጨረሻው ባጃጅ ወደ ቆቦ እመለሳለሁ።